ከጢስ ዓባይ እስከ ጠፈር፤ ስለ ጠፈር የሥዕል ታሪኮች አመጣጥና ለወጣት አንባቢ ስለሚመረጡት

ለልጅ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ አሮጌ ነው፤ በጢስ ዓባይና በባሕር ዳር ግን በቅርብ ዓመታት አዲስ መልክ ይዟል። ልጆቹ በተርታ በተሰለፉ ሥዕሎች የሚነገሩ፥ በጨረቃና በከዋክብት መካከል ስለሚደረግ ጉዞ የሚያወሩ ታሪኮችን፥ በተለምዶ «ኮሚክ» የሚባሉትን፥ ይወዳሉ። አንዳንድ ሽማግሎች «የፈረንጅ ተረት ነው፤ ዓይን ያደክማል እንጂ ልብ አይሞላም» ይላሉ። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ልጁ ዝም ብሎ ከተቀመጠላቸው በእጁ የያዘውን አይመረምሩም። እኛ ሁለቱንም ወገን ካዳመጥን በኋላ፥ ነገሩ ታሪኩን ሳያውቁ የሚፈረድበት አይደለም ብለን ይህን ጥናት ጀመርን።

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ አንድ ነገር ያስታውስ። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። መምህር በሌለበት ቤት፥ ልጅ በፈቃዱ የሚያነበው ታሪክ ትርፍ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ብቸኛው ንባቡ ነው። ስለዚህ የትኛው ታሪክ በእጁ ይግባ፥ ለምንስ ይግባ ብሎ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፥ ሌላው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ «የሥዕል ታሪክ ለእኛ ባዕድ ነው» የሚለውን ነገር እንመልከት። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሄደ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያይ አይመለስም። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ በመካከሉ ያለው መቅደስ ግን ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ የመቅደሱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ በመስመር እየተለዩ በተርታ የተቀመጡ ናቸው። በአንዱ ክፍል ሰማዕቱ ይያዛል፤ በሚቀጥለው ይገረፋል፤ በሌላው መልአክ ይወርድለታል። ከሥዕሉ ጋር የሚጻፈው አጭር ቃል ብዙውን ጊዜ በግዕዝ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ ይኸውም በሥዕሉ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት እንደ ተደረገ የሚያስታውቅ ነው። ተመልካቹ ገጽ አይገልጥም፤ በእግሩ ይዞራል። ንባቡ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ በመሄድ ይፈጸማል።

ሠዓሊዎቹ ያቆዩት ሌላም ሕግ አለ። ጻድቅ የሆነው ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ፥ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ በአንድ ጊዜ ይለያል። የዛሬ የኮሚክ ሠዓሊ ክፉውን ሰው በጥላ ውስጥ ሲያቆመው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በደቅ ደሴት ላይ በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ይህን የአሣሣል ሥርዓት በሰፊው ያሳያል። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፥ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ከፍለው፥ ከሥሩም በአማርኛ ቃል ጽፈው ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ይህን የገዛ ፈረንጅ ሁሉ የኢትዮጵያ ኮሚክ ገዝቶ ሄዷል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ሁለተኛው ነገር ወደ ሰማይ የሚደረገው ጉዞ ነው። መጽሐፈ ሔኖክ ሳይጐድል ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ከተመለከተና በጎንደር ከኖረ በኋላ፥ ወደ አገሩ ሲመለስ የዚህን መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ በእንግሊዝኛ ተርጕሞ በኦክስፎርድ አሳተመው። ዓባይን ፈልጎ የመጣ ሰው ሰማይን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ጉዞ በዛሬ አንባቢ ዓይን ብንመለከተው የምናገኘው እጅግ ያስደንቃል። ሔኖክ በነፋስ ተነሥቶ ከእሳትና ከበረድ ወደ ተሠራ ቤት ይደርሳል። መልአኩ ዑርኤል እየመራ የፀሓይን መውጫና መግቢያ ደጆች፥ ስድስቱን በምሥራቅ፥ ስድስቱን በምዕራብ፥ ያሳየዋል። የፀሓይን ሰረገላ ነፋስ ይነዳዋል። ዓመቱ 364 ቀን ሆኖ ይሰላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልባችንን የነካው የሰባቱ ከዋክብት እስር ቤት ነው፤ በታዘዙበት ሰዓት ስላልወጡ እንደሚነድ ተራራ ሆነው፥ ሰማይና ምድር በሚያልቁበት ባዶ ስፍራ ታስረዋል። በጠፈር ውስጥ ያለ ወህኒ ቤት ማለት ይህ ነው። ይህን ስንል መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው ነው። የምንለው፥ የጣና ዳር ልጅ ከምድር ስለ መነሣት፥ መሪ ይዞ ስለ መጓዝና የከዋክብትን ሥርዓት ስለ መመርመር የሚናገር ታሪክ ሲሰማ የመጀመሪያው አይደለም ነው።

ክብረ ነገሥትም በዚህ በኩል ዝም አላለም። ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ መካከል በነፋስ ላይ የሚሄድ ዕቃ እንደ ነበረ ይተርካል፤ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የወጡትም ሰዎች ሰረገላቸው ከምድር ከፍ ብሎ፥ ሳይደክሙና ሳይራቡ፥ የብዙ ቀን መንገድ በአንድ ቀን እንደ ሄዱ ያወሳል። በጣና ቂርቆስ ገዳም ትውፊት መሠረት ታቦቱ ወደ አክሱም ከመግባቱ በፊት በዚያች ደሴት ብዙ መቶ ዓመት ዐርፏል። ስለዚህ የዚያ ከምድር ከፍ ብሎ የሄደ ሰረገላ መጨረሻ፥ በትውፊቱ እንደሚነገረው፥ ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቅ ስፍራ ነው።

ቋንቋውም ራሱ ምስክር ነው። «ጠፈር» ስንል ዛሬ የምናስበው ሳተላይት የሚዞርበትን ስፍራ ነው፤ ቃሉ ግን ከኦሪት ዘፍጥረት የመጣ ሲሆን በግዕዝ የቤት ጣራም ጠፈር ይባላል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራውን ሁሉ የመላእክት ፊት የሞላበት ሠዓሊ ጠፈርን በሁለቱም ትርጕም ሣለው። «መንኰራኵር» የምንለውም ነቢዩ ሕዝቅኤል ካየው፥ ዓይን ከሞላበት መሽከርከሪያ የተወሰደ ነው። ፈረንጆች ለጠፈር መጓጓዣቸው ስም ሲያወጡ ከባሕር መርከብ ተዋሱ፤ የአማርኛ ጋዜጠኞች ግን ከነቢያት ተዋሱ። ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይመስለንም።

ሆኖም ግድግዳውና መጽሐፉ በዚህ ጉዳይ አልተገናኙም። የጣና ሠዓሊዎች በተርታ የሣሉት በይበልጥ የእመቤታችንን ተአምር፥ የጌታን ሕማም፥ የሐዋርያትንና የሰማዕታትን ገድል ነው፤ የሔኖክ የሰማይ ጉዞ ከተለመዱት የግድግዳ አርእስት ውስጥ አይደለም። በአንድ በኩል ታሪክን በተርታ ሥዕል የመንገር ጥበብ ነበረን፤ በሌላ በኩል የሰማይ ጉዞ ታሪክ ነበረን። ሁለቱን አጋብተው መጽሔት ያደረጉት ግን ሌሎች ናቸው። እንዴት እንዳደረጉትና ምን እንደ ጨመሩበት ማወቅ የሚያስፈልገን ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ ጋዜጦች «ባክ ሮጀርስ» የሚባለው የሥዕል ታሪክ በጥር 7 ቀን 1929 ወጣ፤ «ፍላሽ ጎርደን» ደግሞ በጥር 7 ቀን 1934 ተከተለ። (ሁለቱም በእኛ የልደት በዓል ዕለት መዋላቸው አጋጣሚ ነው፤ ግን ለማስታወስ ይረዳል።) በሁለቱም ሥራዎች መንኰራኵሩ አዲስ ቢሆንም ጠቡ አሮጌ ነው። ባክ ሮጀርስ ከአምስት መቶ ዓመት እንቅልፍ ሲነቃ አገሩን ከእስያ የመጡ ሰዎች ወርረውት ያገኛል። ፍላሽ ጎርደን በሌላ ዓለም የሚገጥመው ጨካኝ ንጉሥ ሚንግም ስሙና መልኩ በግልጽ የቻይና ሰው እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። የአሌክስ ሬይመንድ እጅ እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ዛሬም ሥዕሉን ያየ ሰው ይደነቃል። ነገር ግን ሰዎቹ ወደ ሌላ ዓለም ሲሄዱ የምድራቸውን ጥላቻ በሻንጣቸው ይዘው እንደ ሄዱ እናያለን።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ተጨማሪ ትርጕም አለው። በጥቅምት 1934 በፊሬንዜ ከተማ «ላቨንቱሮዞ» የሚባል የወጣቶች ጋዜጣ ተቋቍሞ ፍላሽ ጎርደንን በኢጣልያንኛ ማተም ጀመረ፤ እጅግም ተሸጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። በዚያው ዘመን የኢጣልያ የልጆች ጋዜጦች ወረራውን የሚያወድሱ የሥዕል ታሪኮችን ያወጡ ነበር። አንድ የፊሬንዜ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀግናው በሌላ ዓለም ጨካኙን ንጉሥ ሲዋጋ አይቶ፥ ወዲያው ደግሞ ወታደሮቹ በእኛ አገር ላይ ሲዘምቱ እንደ ጀግና ተሥለው ሊያይ ይችል ነበር። ማን ጨካኝ፥ ማን ነጻ አውጪ እንደ ሆነ የሚወስነው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው። በ1938 የፋሺስት መንግሥት የአሜሪካን የሥዕል ታሪኮች ራሱ ከለከለ፤ ይህም የሥዕል ታሪክ ተራ ጨዋታ ነው ብሎ እንዳላመነ ያሳያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነገሩ አዝማሚያ ተለወጠ። በእንግሊዝ አገር ማርከስ ሞሪስ የሚባል ቄስ ለልጆች የሚገባ ንባብ እንዲኖር ብሎ «ኢግል» ማለት «ንስር» የሚባል መጽሔት በሚያዝያ 1950 አወጣ። የፊተኛው ገጽ ታሪክ ፍራንክ ሃምፕሰን የሣለው «ዳን ዴር» ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ዓላማ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምድር ሕዝቧን መመገብ ስላቃታት መርከበኞቹ ወደ ቬነስ የሚሄዱት ምግብ ፍለጋ ነው። እንግሊዞች በዚያ ጊዜ ምግብ በመደብ ይታደላቸው ነበርና ጉዳዩን ያውቁታል። ረኃብን በወሬ ሳይሆን በቤቱ ለሚያውቅ አገር ይህ አነሣሥ ከፍላሽ ጎርደን ጐራዴ ይልቅ ይቀርበዋል። ከዚህ በቀር ዳን ዴር ዛሬ በቀላሉ የሚገኝ ስላልሆነ ብዙ አንቆይበትም።

እኛ ከሁሉ አስቀድመን ለወጣት አንባቢ የምንመርጠው የቤልጅጉ ኤርዤ የሠራቸውን ሁለት የቲንቲን መጻሕፍት ነው። አንደኛው ስለ ጉዞው ዝግጅት፥ ሁለተኛው በጨረቃ ላይ ስለ ተደረገው ይናገራል፤ በመጽሐፍነት የታተሙት በ1953 እና በ1954 ነው። ይህም የሰው እግር በሐምሌ 1969 ጨረቃን ከመርገጡ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ኤርዤ ታሪኩን ከመጻፉ በፊት የሮኬት መጻሕፍትን አገላብጧል፤ ሊቃውንትን አማክሯል። ስለዚህ ሮኬቱ ለምን ሁለት ዓይነት ሞተር እንደሚያስፈልገው፥ ክብደት ሲጠፋ ሰውና ዕቃ እንዴት እንደሚንሳፈፍ፥ በጨረቃ ላይ አንድ ርምጃ ለምን ረዥም ዝላይ እንደሚሆን፥ ልጁ ሳያስበው ይማራል። ካፒቴን ሃዶክ የሚጠጣው ውስኪ ከብርጭቆው ወጥቶ በአየር ላይ ድቡልቡል ሆኖ የሚንሳፈፍበት ገጽ አለ፤ መጠጡን ባንወደውም ትምህርቱ ከማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ሥዕል የተሻለ ነው። ቲንቲን በጨረቃ ዋሻ ውስጥ በረዶ ያገኛል። ይህ ለብዙ ዘመን የደራሲው ምናብ ብቻ ይመስል ነበር፤ በ2009 ግን የህንድና የአሜሪካ መሣሪያዎች በጨረቃ ላይ ውሃ መኖሩን አረጋገጡ።

የሁለተኛው መጽሐፍ ኃይል ግን በሳይንሱ ላይ አይደለም። ወደ ምድር በሚመለሱበት ጊዜ በሮኬቱ ውስጥ ያለው አየር ለተሳፋሪው ሁሉ አይበቃም። ጓደኞቹን አሳልፎ የሰጠው መሐንዲስ ቮልፍ፥ በሌሊት ደብዳቤ ጽፎ በሩን ከፍቶ ወደ ባዶው ጠፈር ይወጣል፤ ለሌሎቹ አየር እንዲተርፍ። ጠላት ሆኖ የቈየ ሰው በጥቂት ሥዕል ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል። በጣና ግድግዳ ሕግ ብንሄድ ይህ ሰው በመጀመሪያ በአንድ ዓይን፥ በመጨረሻ በሁለት ዓይን መሣል ነበረበት። ይህን ክፍል ያነበበ ልጅ ስለ ክሕደትና ስለ ንስሓ የሚጠይቀው ጥያቄ አይቀርም፤ መምህሩም ጥያቄውን መፍራት የለበትም።

ሁለተኛው ምርጫችን በርዝመቱ ከሁሉ ያነሰ፥ በክብደቱ ግን ከሁሉ የበለጠ ነው። «ዊርድ ፋንታሲ» በሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1953 «የፍርድ ቀን» የሚል፥ ዐሥር ገጽ የማይሞላ ታሪክ ወጣ። ጽሑፉ የአል ፌልድስታይን፥ ሥዕሉ የጆ ኦርላንዶ ነው። ታርልተን የሚባል የምድር መልእክተኛ፥ ሙሉ የጠፈር ልብሱን ለብሶ፥ ፊቱም ሳይታይ፥ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩበት ዓለም ይደርሳል። የመጣው ያ ዓለም ወደ ታላቁ የከዋክብት ማኅበር ለመግባት በቅቶ እንደ ሆነ ሊመረምር ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ሮቦቶች ፋብሪካቸውንና ሥርዓታቸውን በኵራት ያሳዩታል። ሰማያዊዎቹ ግን በተለየ ሰፈር ይኖራሉ፤ በመኪና የኋላውን ስፍራ ይይዛሉ፤ የሚሰጣቸውም ሥራ ዝቅተኛው ነው። መልእክተኛው የሁለቱንም አሠራር ሲመረምር ከውጭ ሽፋናቸው በቀር በውስጣቸው አንዳች ልዩነት አያገኝም። ስለዚህ «ገና አልበቃችሁም» ብሎ ፈርዶ ወደ መንኰራኵሩ ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ የራሱን ልብስ ያወልቃል፤ መልእክተኛው ጥቁር ሰው ነው፤ በፊቱ ላይ ያለውም ላብ እንደ ከዋክብት ያበራል።

ይህ ታሪክ የደረሰበት ነገር ራሱ ታሪክ ነው። በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች፥ ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል ጩኸት በሕዝብም በምክር ቤትም ስለ በረታባቸው፥ የሚታተመውን ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምር ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። በ1956 «የፍርድ ቀን» እንደገና ሊታተም ሲቀርብ፥ አሳታሚው ቢል ጌይንስና ፌልድስታይን እንደ ተረኩት፥ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዳኛ ቻርልስ መርፊ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን አይችልም አለ። ታሪኩ የተጻፈው ግን ለዚሁ አንድ ሥዕል ነው። ሰዎቹ እምቢ አሉ፤ ነገሩን ለጋዜጣ እናወጣዋለን ብለው አስፈራሩ፤ በመጨረሻም ሳይለወጥ ታተመ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የዚህን ዓይነት ኮሚክ አላወጣም።

ጊዜውን ከእኛ አገር ጊዜ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አንድ አሜሪካዊ ዳኛ ጥቁር ሰው በወረቀት ላይ እንኳ መንኰራኵር እንዳይነዳ በከለከለ በዓመቱ፥ በ1957፥ ዓለማየሁ አበበ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው አውሮፕላን ያበርሩ ነበር። በባሕር ዳርም ዘመኑ ቆሞ አልጠበቀም። ዩሪ ጋጋሪን በሚያዝያ 1961 ወደ ጠፈር ወጣ፤ ሁለት ዓመት ቈይቶ፥ በ1963፥ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መብራቱም መሐንዲሱም ሲመጡ ጠፈርተኛው በምናባችን ውስጥ ለምን ወደ ኋላ እንደ ቀረ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የፈረንሳዮቹ «ቫለርያንና ሎረሊን» ከ1967 ጀምሮ በፒየር ክሪስቴንና በዣን ክሎድ ሜዚየር የተዘጋጀ ረዥም ተከታታይ ነው። የሌሎች ዓለማት ሕዝቦችን እንደ አውሬ ሳይሆን ቋንቋና ገበያ እንዳላቸው ሕዝቦች አድርጎ ስለሚያሳይ፥ ብዙ ጊዜም ብልኋ ሴቲቱ ሎረሊን ስለሆነች፥ ከፍ ላሉ ተማሪዎች እንመክረዋለን። ፈረንሳይኛ ለሚያጠኑ ይልቁንም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ዐቢይ ምርጫችን የጃፓኑ ማኮቶ ዩኪሙራ ከ1999 እስከ 2004 ያወጣው «ፕላኔቴስ» ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ንጉሥም ጐራዴም የለም። ባለ ታሪኮቹ በምድር ዙሪያ የተበተነውን የሳተላይትና የሮኬት ፍርስራሽ የሚሰበስቡ ሠራተኞች ናቸው፤ በአጭር ቃል የጠፈር ጽዳት ሠራተኞች። በዚያ ከፍታ አንዲት የተፈታች ቡሎን በሰዓት ከ25,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች፤ የነካችውን ትበሳለች። የታሪኩ መነሻም እንዲህ ያለች ቡሎን በመንገደኞች መጓጓዣ ላይ አድርሳ የአንዱን ሠራተኛ ሚስት የገደለችበት አደጋ ነው። ሰውየው ሥራውን የያዘው ለምን እንደ ሆነ ቀስ በቀስ ይገለጣል። የመርከቧ አዛዥ ፊ ካርማይክል ጥቁር አሜሪካዊት፥ የልጅ እናት፥ ትንባሆ የማይለቃት ሴት ናት፤ ይህም «የፍርድ ቀን» በወጣ በ50 ዓመት ውስጥ ማንንም ሳያስጮኽ ታተመ። የሚያጠፋውን ሰው ሳይሆን የሚያጸዳውን ሰው ጀግና ያደረገ የጠፈር ታሪክ ብዙ አላየንም። መጽሐፉ እንደ ጃፓን ሥርዓት ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ለልጁ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መጨረሻውን አንብቦ ይጨርስና መጀመሪያው ላይ ይደናገራል። አንዳንድ ክፍሉም ለትንንሽ ልጆች ይከብዳልና ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑት ይሁን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2018 ኤታን ኮሚክስ የሚባለው ድርጅት በበሥራት ደበበ መሪነት «ጀምበር» የሚለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ቀጥሎም ሴት ጀግና ያላትን «ሀዊ»ን አስከተለ። ልዩ ኃይል ያለው ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛ ሲናገር ማንበብ ለወጣቱ ያለው ዋጋ በቀላል አይገመትም። የእነዚህ ታሪኮች ስፍራ ግን ምድር ነው እንጂ ጠፈር አይደለም። ወደ ጠፈር የቀረበው ሲኒማው ነው፤ በ2015 በኢትዮጵያ የተሠራው «ክራምብስ» የሚባለው ፊልም በሰማይ ላይ ዝጎ የቆመ መንኰራኵር ያሳያል። አዘጋጁ የእስፓኝ ሰው ሚጌል ያንሶ ሲሆን ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው።

እንግዲህ የአማርኛው ጠፈርተኛ በወረቀት ላይ የዘገየው ጭብጥ ስለ ጠፋ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተተኩሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥታለች፤ መልእክቷም በእንጦጦ ይቀበላት ነበር። የ«ፕላኔቴስ» ሠራተኞች የሚሠሩበት ስፍራ ያ ነው። ከዚህም የሚልቅ አለ። «ሉሲ» የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር ኅዳር 1 ቀን 2023 በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የዐለቶች ቀበቶ ውስጥ ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ዐለት አጠገብ አለፈች፤ የዐለቱም ስም ድንቅነሽ ነው። መንኰራኵሯ ስትደርስ ድንቅነሽን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ ተገኘች፤ ያች ጨረቃ ደግሞ ሁለት አካላት ተጣብቀው የሆነች ናት፤ ስሟንም ሰላም አሏት። የአማርኛ ቃል ከእኛ ሠዓሊዎች ቀድሞ ከማርስ ወዲያ ደርሷል ማለት ነው።

የዘገየበትን ምክንያት እኛ የምናየው በሌላ በኩል ነው። የዘመኑ ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ሳይተዋወቅ አደገ። በፖሊቴክኒኩ የተማረው ወጣት ስለ ሮኬት ያውቃል፤ በዘጌ ያደገው ሠዓሊ ታሪክን በተርታ መክፈል ያውቃል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ገበታ አልተቀመጡም። አንዱ ሌላውን ኋላ ቀር ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ አንደኛውን ፈረንጅ ይለዋል። በፈረንጅ አገር ዳን ዴርን ያወጣው ቄስ መሆኑን ብናስታውሳቸው ሁለቱም ትንሽ ያስቡ ይሆናል።

ገንዘብ ጥቂት ለሆነበት የትምህርት ቤት ክበብ እንግዲህ እንዲህ እንመክራለን። መጀመሪያ የቲንቲን ሁለቱ መጻሕፍት ይገዙ፤ ሁለቱ አንድ ታሪክ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መግዛት ልጁን በመንገድ ላይ መተው ነው። «የፍርድ ቀን» አጭር በመሆኑ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ እየተረጐመ ሊያስነብበው ይችላል፤ የመጨረሻውን ሥዕል ግን እስከ መጨረሻው በወረቀት ይሸፍነው። «ፕላኔቴስ» ለከፍተኛ ክፍል ይቈይ። ባክ ሮጀርስንና ፍላሽ ጎርደንን አንከለክልም፤ ከተሰጡ ግን ከላይ የተጻፈው የፊሬንዜው ነገር አብሮ ይነገር። የአማርኛ ትርጕም በሌለበት ተማሪዎቹ ራሳቸው በቀጭን ወረቀት ላይ የየሥዕሉን ነገር በአማርኛ ጽፈው ከሥሩ ይለጥፉ፤ አጻጻፉም እንደ ዑራ ግድግዳ ሥዕሉ ውስጥ ያለው እንዴት እንደ ተደረገ የሚናገር አንድ አጭር መስመር ይሁን። ሙጫውን በስሱ ይቀቡት፤ ወፍራም ሲሆን ሥዕሉን ይዞ ይነሣል።